ቅዳሜ 11 ሰዓት፦ የእንግሊዝ ሰዓት ምዕራብ ጎጃም እንዴት ገባ?

በየዓመቱ ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ይቀየራል። ባለፈው ቅዳሜ «11 ሰዓት» የተባለው ጨዋታ በሚቀጥለው ቅዳሜ «12 ሰዓት» ይሆናል። ሊጉ ያው ነው፣ ቡድኖቹም ያው ናቸው፣ የቤቱ ባለቤትም ምንም አልነካም። የነካው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። እንግሊዞች በክረምታቸው መግቢያ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ሰዓቷን በጋም ክረምትም አታንቀሳቅስም። ስለዚህ በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው የሁለት ሰዓት ልዩነት ሦስት ይሆናል።

ይህን ያልሰማ ሰው ጥቅምት ላይ 11 ሰዓት መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ላይ ይጎለታል። መጋቢት ላይ ተቃራኒው ይደርስበታል፤ እንደለመደው 12 ሰዓት ሲመጣ ሁለተኛው አጋማሽ እየተጀመረ ያገኘዋል። ለነገሩ ዘንድሮ ሁሉም ስልክ ስላለው እንዲህ የሚሸወደው ጥቂት ነው። ጥያቄው ግን እንዳለ ነው። አንድ የቡሬ ወጣት ቅዳሜ ሱቁን ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ እራቱን መቼ እንደሚበላ፣ ጨለማ ውስጥ ወደ ቤቱ ይሄድ እንደሆነ የሚወስነው ማነው?

መልሱ ከቴሌቪዥን በፊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው የእንግሊዝ የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶችና ልጆች ቅዳሜ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ። እነሱ ሲወጡ ማሽኑም ስለሚቆም ወንዶቹም አብረው ወጡ። ሠራተኛው ምሳውን ቀመስ አድርጎ ሜዳ እስኪደርስ 9 ሰዓት ይሆናል። በክረምት ደግሞ እዚያ አገር ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች፤ የሜዳ መብራት ባልነበረበት ዘመን ከ9 ሰዓት በጣም ማሳለፍ አይቻልም ነበር። የቅዳሜ 9 ሰዓት ጨዋታ የተወለደው እንዲህ ነው። ያ 9 ሰዓት ነው የሰዓት ልዩነቱ ተደምሮበት ጎጃም ሲደርስ 11 ወይም 12 የሚሆነው። በላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ልክ የተሰፋ ሰዓት በርበሬ ለቅሞ የዋለን ልጅ ቅዳሜ ይመራል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ለአንባቢ ትንሽ ሊያስቅ ይችላል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የበርንሌይ ክለብ ሊቀመንበር የነበረው ሥጋ ነጋዴው ቦብ ሎርድ የቴሌቪዥን ጠላት ነበር። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ትልልቆቹ ክለቦች ቅዳሜ ከሰዓት በቀጥታ ከታዩ የትንንሾቹን ክለቦች ሜዳ የሚሞላ ሰው አይኖርም። ሌሎቹም የክለብ አለቆች ተቀበሉት። በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ከ9 ሰዓቱ ጨዋታ ሩብ ሰዓት በፊት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በእንግሊዝ ምድር የኳስ ጨዋታ በቀጥታ አይተላለፍም። ክልከላው ዛሬም አለ። በርንሌይ ከተማ የሚኖር ሰው የገዛ ከተማውን ክለብ የቅዳሜ 9 ሰዓት ጨዋታ ሳሎኑ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ በቀጥታ ማየት አይችልም። ቡሬ ያለው ሰው ግን የመግቢያውን ጥቂት ብር ከፍሎ ያንኑ ጨዋታ ያያል። ወደ ውጭ የሚሸጠው የሥርጭት መብት ያ ክልከላ የለበትም፤ ከእንግሊዝ ውጭ 380ዎቹም የውድድር ዓመቱ ጨዋታዎች ይሸጣሉ።

ቦብ ሎርድ የፈራው ነገር በርንሌይ ሳይሆን ጎጃም ውስጥ ደረሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የየከተማውን የሠፈር ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው መርሐ ግብሩን የሚያወጣው አንድ ዓይኑን የፕሪሚየር ሊጉ ዝርዝር ላይ ጥሎ ነው። ማንቼና አርሴ የሚጋጠሙ ቀን ከሰዓት ፍጻሜ ቢያደርግ ዳኛውም ተጫዋቹም ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ይሆናል። እንግሊዝ ለትንንሽ ክለቦቿ ሁለት ሰዓት ተኩል ከልላለች። አውሮፓም በማኅበሯ ደንብ ለአባል አገሮች ይህንኑ ፈቅዳለች። ለቡሬ ሜዳ የከለለለት የለም።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ትልቁ ቀን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ነው። አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብፅን፣ በወቅቱ ስሟ የተባበረችውን አረብ ሪፐብሊክ፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ተክሌ ኪዳኔ፣ ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ በመጨረሻም መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ይህን ግን በቴሌቪዥን ያየ ኢትዮጵያዊ የለም፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ከሁለት ዓመት ከምናምን በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ነው። ሜዳ ያልገባ ሰው ኳስን የሚያውቀው በሬዲዮ፣ በእነ ሰለሞን ተሰማ አንደበት ነበር። የሬዲዮ አንድ መልካም ነገር አለው፤ የጨዋታው ሰዓት የአገሩ ሰዓት ነው። ተጫዋቹም ተመልካቹም አድማጩም የሚያዩት አንድ ፀሐይ ነው።

ከዚያ ወዲያ በነበሩት ዓመታት ከውጭ የሚመጣው የቀጥታ ሥርጭት በአብዛኛው የአራት ዓመቱ እንግዳ፣ የዓለም ዋንጫ ነበር። ያኔም ሰዓቱ ለሌላ ሰው ተብሎ የተቆረጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሜክሲኮ ላይ ጨዋታዎች እኩለ ቀን ላይ በጠራራ ፀሐይ ሲደረጉ ማራዶናና ቫልዳኖ አምርረው ተቃውመው ነበር፤ የሰማቸው የለም፤ ምክንያቱም የአውሮፓ ቴሌቪዥኖች ጨዋታውን የፈለጉት በራሳቸው ምሽት ነው። ፍጻሜው ሜክሲኮ ሲቲ ላይ እኩለ ቀን ሲጀመር ኢትዮጵያ ውስጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበር። የአውሮፓ ምሽት የእኛም ምሽት ስለሆነ ሳንጠየቅ ተጠቀምን። በ2002 እ.ኤ.አ. ጃፓንና ኮሪያ ሲያዘጋጁ ግን ዕድሉ ዞረ። ሴኔጋል ፈረንሳይን ያሸነፈችበት የመክፈቻ ጨዋታ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው፤ አንዳንዱ የምድብ ጨዋታማ ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ተማሪ ከክፍል፣ ሠራተኛ ከቢሮ የሚጠፋበት ሰኔ ሆነ። ለኢትዮጵያዊ ከሁሉም የተመቸው የኳታሩ ነው። ዶሃና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ የ2015ቱ ኅዳር ጨዋታዎች በ7፣ በ10፣ ከምሽቱ በ1 እና በ4 ሰዓት ተደረደሩ። ምንም ስሌት አላስፈለገም።

ነገሩን ከሥሩ የቀየረው ግን የዓለም ዋንጫ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚመጣው ሊግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የእንግሊዝ ትልልቅ ክለቦች ፕሪሚየር ሊግን ሲመሠርቱ ስካይ ከቢቢሲ ጋር ሆኖ ለአምስት ዓመት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ሊከፍል ተዋዋለ። ስካይ ገንዘቡን ሲከፍል ጨዋታ ብቻ አልገዛም፤ የጨዋታ ሰዓት ገዛ። የመጀመሪያው የቀጥታ ሥርጭት እሁድ ነሐሴ 16፣ ኖቲንግሃም ፎረስት ከሊቨርፑል ነበር። በማግሥቱ ሰኞ ማታ ማንቸስተር ሲቲና ኪውፒአር ተጫወቱ። ሰኞ ማታ ኳስ! የእንግሊዝ ደጋፊ አጉረመረመ፤ ከሌላ ከተማ መጥቶ ማታ በምን ባቡር ይመለስ? ግን ለመደ። ቀስ በቀስ በአንድ ሰዓት ይደረጉ የነበሩት ጨዋታዎች ተበተኑ፦ ቅዳሜ እኩለ ቀን አልፎ፣ ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ ቅዳሜ ማታ፣ እሁድ ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴ አርብ፣ አንዳንዴ ሰኞ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዲኤስቲቪ ቤት የሚባለው ንግድ ሊኖር የቻለው በዚህ መበተን ነው። አሥሩም ጨዋታዎች እንደ ድሮው ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ቢደረጉ አንድ ቴሌቪዥን ያለው የቡሬ ቤት በሳምንት የሚሸጠው አንድ መግቢያ ነው። ሲበተኑ ግን ቅዳሜ ብቻ አራት ጊዜ ይሸጣል። በመስከረም ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል፣ 11፣ ከምሽቱ 1 ተኩል፣ አንዳንዴም 4 ሰዓት። አንዱ ሲያልቅ ቤቱ ይወጣል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ይገባል። ለውዝና ቆሎ የምትሸጠው፣ ደጅ ላይ ቡና የምታፈላው፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የሚያከራየው፣ ሁሉም የዚያ መርሐ ግብር ቤተሰብ ናቸው። ለንደን ውስጥ ለቴሌቪዥን ገቢ ሲባል የተሠራ ሠንጠረዥ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ በትንንሽ የኢትዮጵያ ከተሞች አዲስ ሥራ ፈጠረ። ይህን ማመን ተገቢ ነው፤ የሰዓቱን ነገር በደል ብቻ አድርጎ መተረክ የቤቶቹን ባለቤቶች እንጀራ መካድ ይሆናል።

ከሠንጠረዡ ጀርባ ሌላ ጦርነትም ነበር። የአፍሪካን መብት ለብዙ ጊዜ የያዘው የደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት፣ የዲኤስቲቪ ባለቤት የመልቲቾይስ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጂቲቪ የሚባል አዲስ ድርጅት መጥቶ ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች አብዛኛውን የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ነጠቀው። አህጉሩ ላይ ሰው ሌላ ሪሲቨር ገዛ፣ ሌላ ዲሽ ሰቀለ። ጂቲቪ በጥር 2009 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን ተዘጋ፤ የከፈለው ደንበኛ ጥቁር ስክሪን ታቅፎ ቀረ። ዲኤስቲቪ ተመልሶ ብቻውን ቆመ። የወር ክፍያው በብር ቢሰበሰብም ዕቃው በዶላር የሚገዛ ስለሆነ ብር በወደቀ ቁጥር ሰው የሚከፍለው ይወጣል። ከዚህ የተነሳ ነው የዲሽ ሠራተኞች ነፃ ጣቢያ ፍለጋ ሰማዩን ሲያስሱ የኖሩት። የታጂኪስታኑ ቫርዝሽ በኢትዮጵያ ቤቶች ስሙ የታወቀው እንዲህ ነው። ታጂክኛ የማይሰማ የጎጃም ልጅ ከኮሜንታተሩ ጩኸት ጎል መሆኑን ይለያል፤ ሌላው ቋንቋ አያስፈልገውም። ያ ሥርጭት ለታጂኪስታን የተገዛ እንጂ ለእኛ አልነበረም፤ ሆኖም ደጋፊው ስለ ፈቃድ ወረቀት ሲጨነቅ የታየበት ጊዜ የለም።

የሰዓቱ ነገር በእውነት የሚያመው ከተማ ውስጥ ሳይሆን ገጠር ነው። ፍኖተ ሰላም መሐል የሚኖር ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ ጨርሶ አሥር ደቂቃ ተጉዞ ይተኛል። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከወምበርማ የገጠር ቀበሌ በእግሩ የመጣ ልጅ ግን የሚያየው ጨዋታ የሚወሰነው በቡድኑ ሳይሆን በፀሐይ ነው። የ8 ሰዓት ተኩሉን አይቶ ሳይመሽ ይደርሳል። የ11 ሰዓቱን ቢያይ ሲያልቅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ጓደኛ ካለው በባትሪ ይሞክረዋል። ጥቅምት ላይ እንግሊዝ ሰዓቷን ስትመልስ ያ ጨዋታ 12 ገብቶ 2 ሰዓት ያልቃል፤ ለእሱ አበቃለት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የገጠሩ ልጅ እጅ ላይ የሚቀረው ቅዳሜ 9 ሰዓት ተኩል የሚጀመረው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሲያልቅ ፀሐይ እየጠለቀች ነው። እሁድ ደግሞ አንዱ 11 ሰዓት ይጀመራል፣ ዋናው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በእነዚያ ወራት የሚጀመረው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ሲያልቅ 7 ሰዓት፣ ዶሮ ሊጮህ የቀረው ጥቂት ነው።

ይህ ወቅት ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው። በቆሎውም፣ ጤፉም፣ የቡሬ በርበሬም ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጋር ይመጣል። እንግሊዞች ገናቸውን ባከበሩ ማግሥት የሚያደርጉት ታዋቂ የጨዋታ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 17 ላይ ይውላል። ለእነሱ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ከእኩለ ቀን እስከ ማታ በጨዋታ ይሞሉታል። ለጎጃም ገበሬ ጾም ነው፣ አውድማ ነው።

የሚገርመው ለገጠሩ ልጅ የተመቸችው የቅዳሜዋ የመጀመሪያ ጨዋታ ለእሱ ተብላ አለመቀመጧ ነው። እንግሊዞች ቀደም ብለው የሚያስጀምሩት አንድም ለፖሊስ ስለሚቀል፣ አንድም የእስያ ተመልካች ሳይተኛ እንዲያይ ነው። ስፔኖችም ያንኑ ያደርጋሉ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ማድሪድ ላይ ገና ምሳ ሳይበላ ተጋጠሙ፤ የታሰበው ለቻይና ምሽት ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። ባርሴሎና 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ከገጠር የመጣው ደጋፊም በብርሃን ገብቶ በብርሃን ወጣ። ሻንጋይን ሊያስደስቱ ብለው ወምበርማን አስደሰቱ።

በ2005 ዓ.ም የራሳችን ተራ ደርሶ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰና ጥር 13 ቀን፣ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ ኔልስፕሩይት ላይ ከዛምቢያ ጋር ተጫወተ። ሰዓቱ በእኛ ከምሽቱ 12 ነበር። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፣ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። ያን ማታ ጨለማውን የቆጠረ አልነበረም።

ከዚያ ሱፐርስፖርት ወደ አገር ውስጡ ሊግ መጣ። በ2012 መጨረሻ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን የአምስት ዓመት ሥርጭት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ውድድሩም በታኅሣሥ 2013 ተጀመረ። ባለድርሻው ሁሉ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አግባብ ነው። የአፍሪካ ተመልካች ለመጀመሪያ ጊዜ የፋሲል ከነማን ማልያ በየሳምንቱ አየ፤ ፋሲልም ያን ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ነገር ግን የሥርጭት መኪናና ካሜራ በየሳምንቱ ስምንት ከተማ ሊዞር አይችልም። ኮሮናም ነበረ። ስለዚህ ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስበው፣ አንድ ሜዳ ላይ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጨዋታ እያደረጉ መዞር ያዙ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ኮሮና ሲያልፍ አሠራሩ አላለፈም።

ይህ ውሳኔ ክለቦችን ከገዛ ከተማቸው ነቀለ። አንድ ክለብ ገንዘብ አገኘ፣ ሜዳውን አጣ። ደጋፊው ያደገበትን ክለብ እንደ ማንቸስተር ሁሉ በዲኤስቲቪ ቤት የሚከታተል ሆነ። ለምዕራብ ጎጃም ሰው ባሕር ዳር ሩቅ አይደለም፤ ከፍኖተ ሰላም 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ሊጉ ባሕር ዳር ሲሰነብት በሚኒባስ ሄዶ በዓይኑ ማየት የሚችል ነበር። ቀጥሎ በመጣው ዓመት ግን ሊጉ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ሆነ።

ለምን እንደሆነ ይታወቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ በክልሉ ከተሞች ሰዓት እላፊ ተጣለ። በሳምንቱ፣ አርብ ነሐሴ 5፣ የእንግሊዝ ሊግ ተከፈተ። የመክፈቻው ሜዳ የት ነበር ቢባል በርንሌይ፣ የቦብ ሎርድ ከተማ። ማንቸስተር ሲቲ 3 ለ 0 ያሸነፈበት ያ ጨዋታ በእኛ ሰዓት የተጀመረው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በሁለተኛው ቀን፣ እሁድ ነሐሴ 7፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች ከሆስፒታል ምንጭ ጠቅሰው ዘገቡ። ያን ሰሞን የኳስ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

በኋላ ግን ጠያቂ ተመለሰ፤ ሰው ነውና። የሚጠይቀው ግን ተለወጠ። ቀድሞ «ማንቼ መቼ ይጫወታል?» ነበር። አሁን የጨዋታው መጀመሪያ ሳይሆን ማለቂያው ይሰላል። 11 ሰዓት ከሆነ 1 ሰዓት ያልቃል፣ ያስኬዳል። 1 ሰዓት ተኩል ከሆነ 3 ሰዓት ተኩል ያልቃል፣ ይቅር። ቤቱን ከፍቶ የሚያሳየው ሰውም እንደዚያው ይቆጥራል፤ የድሮዎቹ አራት የቅዳሜ መግቢያዎች ሁለት ሲሆኑ የወር ክፍያው ግን ያው ነው። ገጠር ያለው ልጅ ለዓመታት የኖረበትን ስሌት ከተሜው ተማረው ማለት ነው።

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የሻምፒዮንስ ሊግን ፍጻሜ ሰዓት ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሦስት ሰዓት ቀደም እንዲል ወስኗል። የሰጠው ምክንያት ልጆችና ቤተሰቦች እንዲያዩ፣ ደጋፊውም የሕዝብ መጓጓዣ ሳያመልጠው ወደ ማረፊያው እንዲመለስ የሚል ነው። የታሰበው ለቡዳፔስት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲጀመር የኖረው ፍጻሜ ግንቦት 22 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ ጭማሪ ሰዓት ከሌለው 3 ሰዓት ላይ ያልቃል።